ሊሾና አመዳይ

አሰላ ላይ ሲሚንቶ ማፍሰስ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ውርጭን ያስፈቅድ። እኔ ሳላስፈቅድ አፍስሼ ያገኘኝን ልንገራችሁ። ምክር መስጠት እወዳለሁ፤ ቤተሰቦቼን ብትጠይቋቸው በረጅሙ ተንፍሰው ያረጋግጡላችኋል። የዛሬው ምክር ግን ከመጽሐፍ ሳይሆን በገዛ መቀመጫዬ የተገኘ ስለሆነ፣ ከሌሎቹ ሁሉ የተሻለ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከጭቃ ነው። የግቢያችን መሬት መረሬ ነው። መረሬ ክረምት ላይ ጫማ የሚውጥ፣ በጋ ላይ ደግሞ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍት ጥቁር አፈር ነው። ስንዴ ይወደዋል፣ እግር ይጠላዋል። ባለፈው ነሐሴ የዕድራችን ሰብሳቢ ለቁም ነገር መጥተው፣ አንድ ጫማቸውን ግቢያችን ውስጥ ትተው ወጡ። ፈልገን አጣነው። የተገኘው መስቀል ካለፈ በኋላ መሬቱ ሲደርቅ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ጫማው ከአፈሩ ጋር ስለተስማማ ለመለየት ዶማ አስፈለገ።

ሰብሳቢው ባንድ ጫማ ሲወጡ ጎረቤት አየ። እኔም በንዴት፣ ቤተሰቡ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ይህ ግቢ ሊሾ ሳይሆን ከዚህ ቤት ሴት ልጅ አትዳርም!» ብዬ ተናገርኩ። አባት ተቆጥቶ የተናገረውን እሱ እራት ሲበላ ይረሳዋል። የሰሙት ግን አይረሱም።

ትልቋ ልጄ ሰላም አልረሳችም። የሚፈልጋት ልጅ ነበራት፤ ሳጉሬ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ነርስ። ከደህና ቤተሰብ የተወለደ፣ ጨዋ ነው። ነውር ፈልጌ አጥብቄ መርምሬዋለሁ፤ ምንም ስላጣሁበት ትንሽ ቅር ብሎኛል። ይህ ልጅ ከዓቢይ ጾም በኋላ ለትምህርት ጎንደር ይሄዳል፤ የሚመለሰው ከዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ ሰርጉ ወይ በጥር ይሆናል፣ ወይ ማን ያውቃል። ሰላም በጠዋትና በማታ አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቀኝ ጀመር።

«አባዬ፣ ሊሾው መቼ ነው?»

ሌላ ልጃገረድ ስለ ቬሎ ታስባለች። የእኔ ልጅ ስለ ጠጠር ትጨነቃለች። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ሌላም ደንብ ነበረኝ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ልጅ ሊለምን ሲመጣ በማለዳ መጥቶ ግቢ ውስጥ ይቆማል። ቆሞ ይለምናል። «ተቀመጡ» ከተባለ ነገሩ አለቀ፣ ልጅቱ ተሰጠች ማለት ነው። «ተመካክረን እንነግራችኋለን» ከተባለ ደግሞ እንደ ቆመ ይመለሳል። የእኔ አማት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የላክኋቸውን ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ አቁመው አመላልሰዋቸዋል። በሦስተኛው ጉዞ ሽማግሌዎቼ ራሳቸው «ልጄ፣ ቅርብ ሰፈር ያለች ብትፈልግስ?» ብለውኝ ነበር። እኔም የወንድ ልጅ ትዕግሥት የሚመዘነው በዚህ ነው ብዬ፣ ልጄን ሊለምኑ የሚመጡትን ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ላመላልስ ቆርጬ ነበር። ሦስት ጊዜ ከተመላለሱ ጥር ያልፋል። ይህን ሰላም ታውቃለች፤ እናቷ ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ። ደንብ ግን ደንብ ነው እል ነበር።

አሁን ወደ ሲሚንቶው። እኔ ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤአለሁ፤ ሕገ መንግሥት፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ የማዳበሪያ ከረጢት ጀርባ። የቤታችንን ኤሌክትሪክ የዘረጋሁት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ የማድ ቤቱ መብራት ሲበራ የሽንት ቤቱ ይጠፋል። ሚስቴ ይህን ስሕተት ትለዋለች፤ እኔ ቁጠባ እለዋለሁ። ስለዚህ ስለ አርማታም ከስልክ ላይ ተማርኩ። አንድ ሰውዬ ቁምጣ ለብሶ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ ኮንክሪት ሲያፈስ ያሳያል። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። በቁምጣ የሚሠራ ሰው ለአሰላ ምን ምክር ይሰጣል?

ግንበኛ ያስመጣሁት ከአቦምሳ ነው። ጀማል ይባላል፤ እጁ ፈጣን፣ ምላሱ ከእጁ የፈጠነ። አቦምሳ ሞቃት ነው፤ እዚያ ሲሚንቶ ቶሎ ስለሚደርቅ ጠዋት ማታ ውኃ ያጠጡታል። ጀማል በስስ ሸሚዝ መጣ፤ በማግስቱ ጃኬቴን ለበሰ፤ ጃኬቱ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። እሱ ሲሚንቶ እንጂ ብርድ አያውቅም። እኔ ብርድ እንጂ ሲሚንቶ አላውቅም። ተጋግዘን አንድ ሙሉ ስሕተት ሆንን።

መረሬውን ከላይ ከላይ ፋቅ አድርገን፣ ጥቂት ጠጠር በትነን፣ ማፍሰስ ጀመርን። ሲቦካ ጠንከር ስላለ አካፋ ያዦቹ አቃሰቱ። እኔ ውኃ ጨመርኩ። ደግሜ ጨመርኩ።

«ጋሼ፣ በዛ! አጥሚት ሆነ እኮ» አለ ጀማል።

«ሲሚንቶ ውኃ ይወዳል ተብሏል።»

«ማነው ያለው?»

«ሰውየው።»

«የቱ ሰውዬ?»

«ቁምጣ የለበሰው።»

ጀማል አየኝና ተወኝ። ከፋይ ጋር አይከራከርም። አርማታው ግን እውነትም እንደ አጥሚት በራሱ እየፈሰሰ ቦታውን ያዘ፤ እኔም ሥራ አቀለልኩ ብዬ ደስ አለኝ። ልጆቼን ሰብስቤ «እውቀት ጉልበት ይቆጥባል» የሚል አጭር ንግግር አደረግሁ። ጀማል በበኩሉ ፀሐይ ስትጠልቅ የውኃ ጎማውን ይዞ እንደ አቦምሳ ደንብ አጠጣው። ወሩ ታኅሣሥ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ እንዲህ ያለ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። የአሰላ ሰው ይህን ሲሰማ ራሱን ይይዛል።

ጠዋት ስነሳ ግቢው ነጭ ሆኗል፤ ሣሩ ላይ፣ አጥሩ ላይ፣ ሊሾው ላይ አመዳይ ጨው መስሎ ተነጥፏል። እንዲያውም አምሮ ታየኝ። እንዲህ ያሉ ጥቂት ጠዋቶች አለፉና፣ አንድ ቀን ሚስቴ መጥረጊያ ይዛ ወጣች። ጠረገች። ቆም ብላ አየች። ደግማ ጠረገች።

«የሰላም አባት፣ ና እስቲ። ይሄ አቧራ ነው ወይስ ሥራችሁ?»

ሥራችን ነበር። የሊሾው ፊት እንደ ምጣድ ላይ ቂጣ እየተላጠ ከመጥረጊያው ጋር ይሄዳል። ጀማል ብርዱን ወቀሰ። እኔ ጀማልን ወቀስኩ። ሚስቴ ማንንም አልወቀሰችም፤ መጥረጓን ቀጠለች፤ ይህ ከወቀሳ ይከፋል። ሰላም ወጥታ አየችና ተመልሳ ገባች።

ምክንያቱ የገባኝ በማቀዝቀዣው ውስጥ የረሳሁት የውኃ ጠርሙስ ትዝ ሲለኝ ነው። ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ያብጣል፤ ጠርሙሱን ሰንጥቆት ነበር። ያን ሁሉ ትርፍ ውኃ አርማታው ሆድ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ማታ አብጦ ይገፋል፣ ቀን ቀልጦ ይለቃል፣ ማታ ደግሞ ይገፋል። ድንጋይም ቢሆን እንዲህ ከተመላለሱበት ይፈረካከሳል። ይህን ጊዜ ስለ ማመላለስ ትንሽ ማሰብ ይገባኝ ነበር፤ አላሰብኩም።

አፈረስነው። ሁለተኛው ዙር እንደ ሰው ነው የተሠራው። መረሬውን ጥርግ አድርገን አወጣን፤ በድንጋይና በጠጠር ሞልተን ደቀደቅን፤ ውኃ ወደ ውጭ እንዲወርድ ወደ አጥሩ ዘመም አደረግነው። ውኃውን ጀማል ለካ፣ እኔ ጎማው አጠገብ እንዳልደርስ ተከለከልኩ። ሊሾውንም በአራት ማዕዘን እየከፈልን በመሐሉ ክፍተት ተውን፤ ለመሰንጠቅ ካማረው እኛ ባሰመርንለት እንዲሰነጠቅ። ያፈሰስነው ረፋድ ላይ መሬቱ ሲሞቅ ነው። እዚህ ድረስ አንድም የምታረም ነገር የለኝም። ከዚያ የማለስለሱ ሰዓት ደረሰ።

«ጋሼ፣ በመጥረጊያ ፊቱን ሸካራ ላድርገው። ለእግር ጥሩ ነው» አለ ጀማል።

«ሸካራ ለአህያ መንገድ ነው» አልኩት። «ሽማግሌ የሚቆምበት ነው። ቁልቁል ሲያይ ፊቱ ሊታየው ይገባል።»

ሚስቴ ከማድ ቤት ሰማች። «ሽማግሌዎቹ የሚመጡት ፊታቸውን ሊያዩ ነው ወይስ ልጅ ሊለምኑ?»

«አንቺ በዚህ አትግቢ።»

ጀማል ደረቅ ሲሚንቶ እየነፋበት እንደ መስታወት አሸው። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ፕላስቲክ አለበስነው፣ በላዩ የገብስ ጭድ እንደ ፍራሽ አነጠፍን፤ አውድማ የሚነሣበት ወቅት ስለሆነ ጭድ ሞልቷል። ተኛሁ። በሕይወቴ አንድ ነገር ሙሉ በሙሉ አውቄ የሠራሁ መሰለኝ።

ጠዋት ጭዱ የለም። በምትኩ የጎረቤታችን የወይዘሮ ፋጤ ላም ሊሾው ዳር ቆማ ታመሰኳለች፤ ቀንዷ ላይ የፕላስቲኩ ቁራጭ እንደ ነጠላ ተንጠልጥሏል። ለጋው አርማታ ማዕዘን ላይ ኮቴዋን እንደ ማኅተም አትማለች።

«ፋጤ! ላምሽ ሊሾዬን አበላሸችው!»

ወይዘሮ ፋጤ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። «ላሜ ሊሾ መብላት ጀመረች?»

«ጭዱን በልታ ረገጠችው!»

«ታዲያ ማን አነጠፈላት? እንዲህ ያለ የገብስ ጭድ በሰፊው ዘርግተህ፣ ግብዣ ነው ብላ መጣች። ላም ናት፤ የጥሪ ካርድ አትጠብቅም።»

እውነት ከተናገረ ሰው ጋር መጣላት ሞኝነት ነው፤ ቢሆንም ትንሽ ተጣላሁ። አዲስ ጭድ አነጠፍን፣ ዙሪያውን በእሾህ አጠርን። የኮቴውን ጉድጓድ ጀማል ሊለጥፈው ፈልጎ ነበር። ስስ ልጣፍ በመጀመሪያው ውርጭ ስለሚነሣ ይቅር አልኩ። ይህን ከመጀመሪያው ሊሾ ተምሬአለሁ። ጀማልም ሥራውን ጨርሶ፣ ጃኬቴን ለብሶ፣ ወደ አቦምሳ ሄደ።

ጭዱ የተነሣ ዕለት ሰፈሩ ሊያይ መጣ። ሊሾው ያበራል። ቢመቱት እንደ ደወል ይጮኻል። ሰላም እየተራመደች ከዳር እስከ ዳር ሄደች፤ ወዲያው ወሬው ሳጉሬ ደረሰ መሰለኝ፣ ሽማግሌዎች እሑድ ማለዳ እንደሚመጡ ተላከብን።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ግቢው ብናኝ ይዞ አገኘሁት። ሽማግሌ በብናኝ ላይ ሊቆም! ጎማውን አነሣሁና ከዳር እስከ ዳር አጠብኩት። ሰላም ባልዲ ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ ዛሬ ይበርዳል እኮ።»

«ምን ይበርዳል፣ ሰማዩ አንድ ደመና የለበትም።»

«እሱን ነው የምልዎት።»

«ሊሾው ጠንክሯል። አሁን ውርጭ አይነካውም።» ይህ እውነት ነበር። ሊሾውን አይነካውም። ስለ እግር ግን አላሰብኩም።

ባልዲውን እንደያዘች ቆመች። «ነገ ምን ይሏቸዋል?»

«ደንቡን» አልኳት።

ባልዲውን ይዛ ገባች። እኔም ንግግሬን መለማመድ ቀጠልኩ፤ «ልጅ የአባት ብቻ አይደለችም፣ ወገን እናማክራለን፣ ሄዳችሁ ተመለሱ…» የሚል፣ ግሩም ንግግር ነበር። እስከ ዛሬ ማንም አልሰማውም።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ሦስት ናቸው። ፊተኛው ጋሽ ቱፋ፣ በሳጉሬ ገበያ እህል ሲነግዱ ያረጁ፣ ራሳቸውም አንድ ኩንታል የሚያህሉ፣ ከዘራቸው ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ ሰው ናቸው። ሁለተኛው ቀጭን ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። ሦስተኛው ሥራቸው ራስ መነቅነቅ ብቻ የሆነ ዝምተኛ አዛውንት ናቸው፤ እንዲህ ያለ ሰው በየሽምግልናው አንድ ይገባል። ሁሉም ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል።

«አካም ቡልተን» አሉ ጋሽ ቱፋ፤ «እንዴት አደራችሁ፣ ቤቶች!»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ይግቡ» አልኩ ከበረንዳው ሆኜ። ሊሾዬ ከእሳቸውና ከእኔ መካከል እንደ ሐይቅ ያብረቀርቃል። እንዲያዩት ትንሽ ጊዜ ሰጠኋቸው። ምነው ባልሰጠኋቸው።

መጀመሪያ የሄደው ከዘራው ነው። ከዘራው ብቻውን ወደ አጥሩ ሄደ። ቀጥሎ አንድ እግራቸው ወደ አዳማ መንገድ፣ ሌላው ወደ ሳጉሬ አመራ። ጋሽ ቱፋ ግን እንደ ማንም ሰው ዘጭ አላሉም። ጋቢያቸውን በሁለት እጃቸው ሰብስበው፣ በዝግታ፣ በክብር፣ ከሰማይ እንደሚወርድ ነገር ወርደው ተቀመጡ። ተቀምጠውም እየተንሸራተቱ እስከ ግቢው መሐል መጡ።

«ወይኔ!» ብዬ ላነሣቸው ሮጥኩ። ሩጫዬ አጭር ነበር። ፊት ለፊታቸው፣ ጉልበት ለጉልበት፣ እኔም ተቀመጥኩ። ተንጋለልኩ እንጂ ተቀመጥኩ ማለት ይከብዳል፤ ግን በኋላ ተስተካከልኩ።

ከወዲያ አጥር ላይ ወይዘሮ ፋጤ «ማል ታኤ? ምን ሆነ?» ስትል ተሰማች። ዝምተኛው አዛውንት ራሳቸውን ነቀነቁ።

አስተማሪው የበሩን ቋሚ በሁለት እጃቸው እንደያዙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ፣ በአገራችን ደንብ ሽማግሌ ሳይፈቀድለት አይቀመጥም። ሊቀ መንበራችን ጋሽ ቱፋ ተቀምጠዋል። የግቢው ባለቤትም አብረዋቸው ተቀምጠዋል። ስለዚህ ተፈቅዷል ማለት ነው።»

«ምን ይላሉ መምህር!» አልኩ ከመሬት። «ወደቁ እንጂ አልተቀመጡም!»

ጋሽ ቱፋ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። አልተቆጡም። ገበያ መሐል ስንዴ በመዳፋቸው እንደሚመዝኑ ሁሉ ቀስ ብለው አዩኝ።

«ስማ ልጄ። ወደቁ ካልክ፣ የእገሌ ግቢ የለመነውን ሽማግሌ ጣለ ተብሎ ከሳጉሬ እስከ ጢቾ ይወራል። እኔም እመሰክራለሁ። ተቀመጡ ካልክ ደግሞ ልጅህን ሰጥተኸናል፤ ሊሾህም እጅግ ያማረ ነው እላለሁ። ሁለቱም በእጅህ ነው። ብቻ ቶሎ በል፤ ከሥር ይበርዳል።»

ከሥር በእርግጥ ይበርድ ነበር፤ ማታ ያጠብኩበት ውኃ ሌሊቱን በረዶ ሆኗል። ወደ ቤቱ ዞር አልኩ። ሚስቴ በረንዳው ላይ በነጠላዋ አፏን ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ሳቅ ነው። ከኋላዋ ሰላም ቆማለች። እሷ ብቻ አትስቅም። የፈተና ውጤት ሊነበብላት እንደቆመች ተማሪ አፌን አፌን ታያለች።

እውነቱን ልንገራችሁ። ያ ሦስት ጊዜ የማመላለስ ነገር ደንብ አልነበረም። አማቴ እኔን አመላለሱኝ፤ ለእሳቸው መመለስ ስላልቻልኩ፣ ምንም ያላደረገኝ የሰው ልጅ ላይ ልመልሰው ነበር። ይህ የታየኝ በረዶ ላይ ተቀምጬ ነው። ሰው አንዳንድ ነገር ቆሞ አይታየውም።

«ተቀምጠዋል፣ ጋሽ ቱፋ» አልኩ። «ተቀመጡ ብያለሁ።»

እልል የተባለው ከአጥሩ ወዲያ ነው፤ ወይዘሮ ፋጤ ከሁላችን ቀደመች። ለመነሣት ሞከርን፤ አልሆነም። ስንያያዝ እንንሸራተታለን፣ ስንለያይ እንወድቃለን። አስተማሪው በሩን አልለቅም አሉ። ይህን ጊዜ ሰላም ከማድ ቤት አመድ በቁና ይዛ ወጣች፤ ከበረንዳው ጀምራ እየበተነች፣ በበተነችው ላይ እየረገጠች፣ እኛ ዘንድ ደረሰች። ያን ሁሉ የተደከመበትን ማብረቅረቅ አመድ አለበሰችው። እጃቸውን ይዛ መጀመሪያ ጋሽ ቱፋን አነሣች፤ እኔ ሁለተኛ ነበርኩ፤ ተገቢ ነው።

«ለሌላ ሙሽራ አበባ ይበተናል» አሉ ጋሽ ቱፋ ወገባቸውን እያሹ፤ «ይቺ ለሽማግሌ አመድ በተነች። ይቺስ ቤት ታቆማለች።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ጥምቀት ዋዜማ መሮና መዶሻ ይዤ፣ ተንበርክኬ፣ ያን የመሰለ ሊሾ በገዛ እጄ አሻከርኩት። መጥረጊያ በአንድ ረፋድ የሚሠራውን እኔ ሳምንታት ፈጀሁበት። ሚስቴ ሻይ ስታመጣልኝ «ለአህያ መንገድ ነው?» ትለኛለች። እኔም ዝም እላለሁ፤ በኛ ቤት ታሪክ አዲስ ነገር ነው።

ምክር ለሚሻ፦ መረሬውን አውጡ፣ ከሥር ድንጋይ ሙሉ፣ ውኃ አታብዙ፣ መፍሰሻ ስጡት፣ ረፋድ አፍስሱ፣ ከውርጭ አልብሱ፣ ላም እሰሩ። ፊቱን ሸካራ አድርጉ። ማታ አትጠቡ። ከሁሉ በላይ ሚስት ከማድ ቤት የምትናገረውን አንድ ጊዜ ስሙ።

ሰርጉ በጥር ሆነ። ዳሱ ሊሾው ላይ ተተከለ፤ ያ ሁሉ ሰው ሲጨፍርበት አልተሰነጠቀም፣ አልተላጠም፤ ከላሟ ኮቴ በቀር ጉድለት የለበትም። ጋሽ ቱፋ አዲስ ከዘራ ይዘው መጡ፤ ጫፉ ላይ ሚስማር አስመትተውበታል። ሊሾው ዳር ቆመው በከዘራው አንኳኩና፣ እንግዳው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«አንተ! ዛሬስ ልቀመጥ ወይስ ልውደቅ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰላም ከሙሽራው አጠገብ ሆና፣ ያን ጠዋት ያልሳቀችውን ሳቅ አሁን ሳቀች። እኔ ከዳሱ ውስጥ የተሻለውን ወንበር አንሥቼ ወደ እሳቸው ሮጥኩ። በዚያ ሊሾ ላይ ስሮጥ ሁለተኛ ጊዜዬ ነው። በዚህኛው ደረስኩ።